የቻንግሄ መዳብ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ለወንድም ጋሼ ታዎ ቻንግሊን፤ ካራማይ፣ ነዳጅ ማውጫው ሰፈር።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤንነትህ እንዴት ነው? ብርዱስ ገባ ወይ? እዚያ በረዶው ከእኛ ቀድሞ ነው የሚወርደው ይላሉ። እህል ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እጆችህስ ደህና ናቸው? ዕቃ ስታነሣ አይንቀጠቀጡብህም? ምላስህ አይተበተብብህም? ዓይንህ እንደዚያን ጊዜው ቢጫ አልሆነም? ማታ ጫማህን ስታወልቅ እግርህ አብጦ አታገኘውም? ይኸን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ አረፍ ብለህ አንድ በአንድ እንድትመልስልኝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ መጻፍ ነበር ደንቡ። አባባም በቅርቡ በመምህር ዩ እጅ ያስጻፈልህ ይኸንኑ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ «ቻንግሄም ደህና ነው፣ በትምህርቱ በርትቷል» ሲል እየሰማሁ ጥርሴን ነከስኩ። ታናሻችን ቻንግሄ ደህና አይደለም። ትምህርቱንም ከተወ ቆይቷል። ይኸን ደብዳቤ የምጽፍልህ ሄፌይ፣ ከተኛበት ሆስፒታል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለ፤ ዛሬ እንዲያውም ሩዝ በልቷል። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ከመሐል ብጀምር አታምነኝም።

የጀመረው ካቻምና የሩዝ ችግኝ ስንተክል ነው። ቻንግሄ እየበላ ሳለ የሩዝ ሳህኑ ከእጁ ወደቀ። አባባ «ጎረምሳ ሆነህ ሳህን መያዝ አቃተህ?» ብሎ በጥፊ አቀመሰው። ቀጥሎ የመብያ እንጨቶቹ እምቢ አሉት። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረችው መሰለ፤ አስተማሪው ሰነፍክ ብሎ ከሰሌዳው ጎን አቆመው። የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ይስቃል፣ ከንፈሩ አልገጥም ብሎ ለሃጩ ይወርዳል። ያ ሲለፈልፍ የሚውል ልጅ አንድ ቃል ለማውጣት አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል። አሮጊቷ ሺ «ከመቃብር የወጣ ቀበሮ ሰፍሮበታል» ብላ አስወራች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «ቻንግሄ ቻንግሄ» የሚሉት ጨዋታ አወጡ፤ እየተንገዳገዱና ለሃጭ እያዝረበረቡ መሄድ ነው ጨዋታው። አንድ ቀን ከኩሬው ዳር አንሸራቶት ወደቀና ክንዱ ተሰበረ፤ አወዳደቁ እንኳን አጥንት እንቁላልም የሚሰብር አልነበረም። ከዚያ ሆዱ እየተነፋ፣ እግሩ እያበጠ መጣ።

ያኔ ነው የአክስታችን ባል ጋሽ ቺያዎ የገባበት። ታውቀዋለህ፣ ገበያው ላይ ባለው መድኃኒት ቤቱ እባብ በአረቄ ዘፍዝፎ መስኮት ላይ የሚደረድረው። የወረዳው ክሊኒክ ሐኪም «ይኼ ልጅ ሄፌይ ይሂድ፣ እዚያ የዚህ ዓይነት ሕመምተኞች የሚታከሙበት ክፍል አለ» ብሎን ነበር። አባባ ግን «ዘመድ ሐኪም እያለኝ ልጄን ለባዕድ አላስረክብም» አለ። ጋሽ ቺያዎ የልጁን የደም ሥር ዳሰሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም ተነፈሰና «ጉበቱ ደክሟል። ጉበት ደግሞ በጉበት ነው የሚጠገነው» ብሎ ፈረደ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሸተተውን ሽታ በምን ቃል እንደምጽፍልህ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት የአሳማ ጉበት ነው፤ የፈላ ውሃ ለስሙ ያህል የነካው፣ ደሙ ገና ያልረጋ። እጁ እንዲጸና ተብሎ የደረቀ ጊንጥና ያ ባለ ብዙ እግር ትል በምጣድ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በሩዝ አረቄ ይሰጠዋል። የኤሊ ጀርባ ድንጋይም ተፈጭቶ ይከተላል። ለተሰበረው አጥንት ደግሞ አያታችን በቀይ ክር ሰክታ ያኖረቻቸውን የድሮ ነገሥታት የመዳብ ሳንቲሞች ጋሽ ቺያዎ ከሣጥን አስወጣ። በፍም እያጋለ ኮምጣጤ ውስጥ ይነክራቸዋል፤ ሲሰባበሩ አድቅቆ ያጠጣዋል። ኮምጣጤው ሲንቸሰቸስ የሚወጣው እንፋሎት እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

አባባ የልጁን ራስ ይይዛል፣ አክስቴ አፍንጫውን ትዘጋለች፣ ጋሽ ቺያዎ እጅጌውን ሰብስቦ «ዋጥ አድርጋት የኔ አንበሳ፣ ያልመረረ ምኑን መድኃኒት ሆነ» ይላል። ከንፈሩ ስለማይገጥም ያ ዝልግልግ ጉበት በአገጩ ተመልሶ ይወርዳል፤ ጋሽ ቺያዎም በማንኪያ ጠርጎ መልሶ ያጎርሰዋል። እኔ ደጅ ወጥቼ ሳስመልስ ዳክዬዎቹ ደንግጠው ይበተኑ ነበር። ልጁ በባሰበት ቁጥር «በሽታው እየወጣ ስለሆነ ነው» ይልና ሳንቲሙን ይጨምርለታል። አባባም በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። የሚያቅለሸልሸኝ ጉበቱ ይሁን የአባባ ራስ መነቅነቅ፣ መለየት አቅቶኝ ነበር።

እማዬን ታውቃታለህ፣ አባባ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንድ ጠዋት ጉበቱን ከነሳህኑ አንሥታ ለውሻው ሰጠችው። ጋሽ ቺያዎ «ምን መሆንሽ ነው?» ሲላት «ውሻውም ጉበቱ ደክሞበታል» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቻንግሄን አልብሺው፣ ሄፌይ እንሄዳለን» አለች። አባባ በሩ ላይ ቆሞ «እንግዲህ ከዚህ ቤት ከወጣሽ» ብሎ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው በጎኑ አልፋ ወጣች። እኔም ልጁን ደግፌ ተከተልኳት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ዶክተር ፌይ ትባላለች። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምፀ ሻካራ ሴት ናት። ክፍሉን አጨልማ በትንሽ መብራት የቻንግሄን ዓይን ከጎን አየችና «ነይ አንቺም እዪ» ብላ ጠራችኝ። የዓይኑን ጥቁር ዙሪያውን የከበበ ቀለበት አለ፤ ሻይ የቆየበት ኩባያ ላይ እንደሚቀር ዓይነት ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። «ይኼ መዳብ ነው» አለች። ነገሩንም እንዲህ አድርጋ አስረዳችን፤ ከምንበላው ሁሉ ውስጥ ጥቂት ጥቂት መዳብ አለ፤ የሰው ጉበት የሚያስፈልገውን ወስዶ የተረፈውን ይጥላል። የቻንግሄ ጉበት ግን መጣል አያውቅም። ከተወለደ ጀምሮ ሲያጠራቅም ኖሮ ከጉበቱ ሞልቶ ወደ አንጎሉ ፈሰሰ። ከአባቱም ከእናቱም፣ ከሁለቱም ወገን የወረደ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ሳያማቸው በደማቸው ይዘውት ይኖራሉ።

እማዬ «ምን በድለን ነው?» ብላ ስታለቅስ ዶክተሯ «በደል የለበትም እናቴ፣ የደም ነገር ነው» አለቻት። ቀጥላ «እስካሁን ምን ስታበሉት ነበር?» ብላ ጠየቀች። እማዬም አንዱንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ዶክተሯ እየጻፈች ነበር። ሳንቲሙ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሳንቲም? ምን ዓይነት ሳንቲም?» እማዬ «የድሮው፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው» አለች። ዶክተር ፌይ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እኔ ራሴ መዳብ የበዛበት ምግብ ምረጪ ብባል ከጉበት፣ ከጊንጥና ከኤሊ ድንጋይ የተሻለ አላገኝም ነበር» አለች። «በዚያ ላይ ራሱን መዳቡን።»

ወንድም ጋሼ፣ አሁን የያዘው ሕክምና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በደም ሥሩ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው፤ መዳቡን እየለቀመ በሽንት ያስወጣዋል። ሁለተኛው ያው የእኛው የሥር መድኃኒት ነው፤ ሆድ የሚያስኬድ ቢጫ ሥር፣ ከእሬት የባሰ ሌላ ሥር፣ እርድ፣ ሽንት የሚያበዛ ቅጠል፣ አንድ ላይ በሸክላ ማሰሮ ተቀቅሎ በብርጭቆ ይመጣል። መልኩ የጎርፍ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ቀምሼው ምላሴ እስከ ማታ የሌላ ሰው ምላስ ሆኖብኝ ዋለ። ዶክተር ፌይ ቁርጡን ነግራኛለች፤ «ሥሩ ብቻውን ያድነዋል ብዬ አልዋሽሽም። ከባዱን ሸክም የሚሸከመው በደም ሥሩ የሚገባው ነው። ሥሩ ሆዱን ያጠራለታል፣ ጉበቱን ያግዝለታል፤ እኔ ሁለቱንም አብሬ እሰጣለሁ። በሽታው ግን ከደሙ አይወጣም፤ መድኃኒት እስከ ዕድሜ ልኩ ነው» አለች። ደስ አለኝ። እስከዚያች ቀን «አላውቅም» ወይም «አልችልም» የሚል ሐኪም አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ክፍሉ ይሸታል፣ አልደብቅህም። ሽንቱ በባልዲ ይጠራቀማል፣ ስንት መዳብ እንደወጣ ይለካል። ሥሩ ሆዱን ያስኬደዋል፤ እየተነሣ ለመሄድ ስለማይችል እኔ ነኝ የማጥበው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያጠብኩ ፊቴን አዞር ነበር፤ አሁን ዓይኔም አፍንጫዬም ለምደውታል። ይኼኛው ጸያፍ ከሰውነቱ የሚወጣ ነው፤ ያኛው የሚገባ ነበር። ያኛውን መቼም አልለምደውም።

ሲጀመር እንደመሻል ባሰበት። መዋጥ አቃተው፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ዶክተሯ መዳቡ ከተኛበት ሲነቃነቅ እንዲህ እንደሚያደርግ ነግራን መድኃኒቱን ቀነስ አድርጋለት ነበር። በዚህ መሐል ነው አባባና ጋሽ ቺያዎ የመጡት። አባባ የያዘው ፔርሙስ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ፤ ላዩ የኤሊ ሾርባ፣ ታቹ ጉበት። ቻንግሄ ገና ሲሸተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዶክተር ፌይ ክዳኑን በገዛ እጇ ገጠመችና በዝግታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ቺያዎ ሰምቶ ሰምቶ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሜን ጽፋችሁታል እንዴ?» አለ። ልጁን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

በማግስቱ ሙቅ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የጋሽ ቺያዎን ድምፅ ሰማሁ። ከፉያንግ የመጣች አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ከእኛ ትይዩ ነው የተኛችው፣ ልጅቷ መናገር ትታለች። ያቺን ሴት መስኮት ሥር አስቀምጦ ከከረጢቱ ብልቃጥ አውጥቶ ያሳያታል። «መዳብ ጠራጊ ነው እህቴ። ከአያት ከቅድመ አያቴ የወረስኩት። የሚስቴን የወንድም ልጅ ያተረፍኩት በዚህ ነው፤ ያውልሽ እዚያ ተኝቷል፣ ሂጂና እዪው።» ወንድም ጋሼ፣ የበሽታውን ስም ከሰማ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው። ሴትየዋ ኪሷን እየዳበሰች ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብልቃጡን ከእጁ ነጥቄ ገባሁና የቻንግሄ ሽንት የተጠራቀመበት ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ኪኒኖቹ እንደ ፍየል በጠጥ ተንሳፈፉ። ነርሷ መጥታ የዕለቱን ልኬት አበላሸሽብን ብላ ጮኸችብኝ፤ እውነቷን ነው፤ ጥፋቱን ተቀበልኩ።

ጋሽ ቺያዎ ተከትሎኝ ገብቶ «አንቺ ቆመሽ የቀረሽ፣ እንዲህ ያለችውን ማን ያገባል» አለኝ። እኔም «ጋሽ ቺያዎ፣ እኔን ከሚያገባ ይልቅ እርስዎን የሚያምን ነው የሚያሳዝነኝ» አልኩት። አባባ ከመቀመጫው ሲነሣ እሱን የሚያስወጣልኝ መስሎኝ ነበር። ክንዱን ያዘና «ይቅር በላት ወንድሜ፣ ድካም ነው የሚያናግራት» አለው። ይቅርታ የጠየቀው እሱን ነው። ልጁ አንገቱ ተጣሞ እያያቸው። ያን ቀን የተሰማኝን መጸየፍ በጉበቱም በጊንጡም ጊዜ አልተሰማኝም። ከፉያንግ የመጣችው ሴት ግን ከሰዓት በኋላ ገብታ አንድ መንደሪን ቻንግሄ ትራስ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸን ሁሉ ያወራሁት እዚህ ለመድረስ ነው። ዶክተር ፌይ «ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁሉ ይመርመሩ» ብላ አዘዘች። እኔ ተመረመርኩ፤ በሽታው የለብኝም። አባባ የዶክተሯን ትእዛዝ ሲሰማ ደረጃው ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «ለቻንግሊን ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። ሰርግህ ለአዲስ ዓመት ነው፤ የልጅቷ ወገኖች በዘር ያለ በሽታ መሆኑን ከሰሙ ነገሩ ይፈርሳል፤ ተጋብታችሁ ልጅ ከያዛችሁ በኋላ ይነገርሃል ነው የሚለው። «ቢኖርበትስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ እንደ በሬ የጠነከረ ነው» አለኝ። «ወደ ካራማይ በሄደበት ዓመት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የተኛውስ?» ስለው «ያ አልፏል» ብሎ ወረደ።

አባባን ልጠላው አልችልም። ያን ዕለት ማምሻውን ቻንግሄ ግርጌ ተቀምጦ ያበጠ እግሩን ሲያሽለት አይቼው አንጀቴን በላው። ግን የአክስቴ ባል ስም እንዳይጎድፍ ልጁን ሰጠ፤ የሰርጉ ድግስ እንዳይጎድል ደግሞ አንተን ሊሰጥ ነው። ያቺንም እጮኛህን ዓይኗን ሸፍኖ ቤታችን ሊያስገባት ነው። ይኸ ነው የሚያንገሸግሸኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን የአንተን በሽታ የሚደብቀው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ሳምንት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂድ። ካልሆነም እስከ ኡሩምቺ ውረድ። ወንድሜ በደም የሚወረስ የመዳብ በሽታ አለበት በላቸው፤ ዓይንህን በመብራት ይዩት፣ ደምህንና ሽንትህን ይለኩት። ዓይንህ ንጹሕ ነው ብለው ቢመልሱህ እንኳ ደሙን ሳይለኩ አትውጣ፤ ቀለበቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የምትወደውን የበግ ጉበት ጥብስ ተው፣ ለውዙንም እንጉዳዩንም ተው። ዶክተር ፌይ የነገረችኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ «መንቀጥቀጡ ሳይጀምር ከተገኘ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ እንደ ማንም ሰው ሠርቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ይኖራል።» ለቻንግሄ ይኸን ዕድል ነፍገነዋል። ለአንተ ገና አልመሸም ይሆናል። ላይኖርብህም ይችላል፤ ያኔ በእኔ እየሳቅህ ጻፍልኝ፣ አልቀየምህም።

ቻንግሄ ሰሞኑን ትንሽ ተሽሎታል። አንገቱ ተቃንቷል፣ ማንኪያ በሁለት እጁ ይይዛል። ንግግሩ እንደ ሕፃን ነው፤ እኔና እማዬ ግን እንሰማዋለን። ያ ጽሕፈቱ ተመልሶ እንደሚያምር አላውቅም፤ ዶክተሯም አላውቅም አለች። ላንተ እየጻፍኩ መሆኑን ስነግረው ረጅም ጊዜ ታግሎ «እትዬ፣ ጋሼን መድኃኒቱ ያስጠላል በይው። ይዋጣል ግን» አለኝ። እንዳለው ጽፌዋለሁ።

እማዬ በጣም ናፍቃሃለች፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ እውነቱን ነገርኳት። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳያነሣብኝ ሄዳ መስኮቱን ዘጋችልኝና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቻንግሄ እጅ ነስቷል። ዶክተር ፌይ አታውቅህም፣ ግን «ወንድምሽ ሄደ?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ከአባባ የማደርስልህ ሰላምታ የለም፤ መጻፌን አያውቅም። መልስህንም ወደ ቤት አትላክ፣ በሆስፒታሉ አድራሻ ላክልኝ።

አብሮህ ለሚያድረው ለላዎ ጋዎ፣ ዳቦ ለምትጋግርላችሁ ለኡይጉሯ እናትም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ለእጮኛህ ለሩዪፋንግም ብዙ ብዙ ሰላምታ አለኝ። የእሷን ግን በቃልህ አታድርስልኝ። ይህንኑ ደብዳቤ ስጣትና ታንብበው።

አክባሪ እህትህ
ታዎ ሱቺን

ሄፌይ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.